ጀግናቸው ሲሞት ያልሸሹ አንባቢዎች ቀጠሮ ሲፈርስ ለምን ተቆጡ?

ለመጻፍ ያነሳሳኝ

ተከታታይ ልብወለድ የሚጽፉ ወዳጆች አሉኝ። ስንገናኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም። “ሰው የወደደውን ገጸ ባሕርይ ብገድልበት አንባቢዬ ይሸሸኛል ወይ?” ይሉኛል። እኔም ሁሌ የማነሳላቸው አንድ ጉዳይ አለ። ዛሬ ከነዝርዝሩ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ጉዳዩ የአሜሪካዊው ደራሲ የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ ሥራ ነው። “ኤ ሶንግ ኦቭ አይስ ኤንድ ፋየር” ይባላል፤ የበረዶና የእሳት ዜማ እንደማለት። ብዙው ሰው የሚያውቀው ግን በቴሌቪዥን ስሙ፣ “ጌም ኦፍ ትሮንስ” በሚለው ነው። ስሙን የጠራሁት ያለ እሱ ጉዳዩ ስለማይገባ ነው። ከዚህ በኋላ “ደራሲው” ብዬ እቀጥላለሁ። አንባቢዎቹንም በስም አልጠራም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩን ትልልቅ ምስጢሮች እዚህ አወጣለሁ። ለማንበብ ያሰበ ሰው መጀመሪያ መጽሐፎቹን ቢጨርስ ይሻለዋል።

የጉዳዩ ዳራ

የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1996 ወጣ። ሲታሰብ ሥራው በ3 መጽሐፍ እንዲያልቅ ነበር። እያደር ዕቅዱ ወደ 7 አደገ። ሁለተኛው በ1998፣ ሦስተኛው በ2000 ተከተለ። አንባቢው በየሁለት ዓመቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለመደ። ይህን ልማድ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዓይነቱ ኤፒክ ፋንታሲ ነው። ነገሥታት አሉ፣ ዘንዶዎች አሉ፣ ሰፊ የተፈጠረ ዓለም አለ። ጨለማ የሚያሰኘው ግን ዘንዶው አይደለም። ደግ ሰው ደግ ስለሆነ ብቻ የማይተርፍበት ዓለም ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አንባቢው “ባለ ታሪኩ ይሄ ነው” ብሎ ልቡን የሰጠው ኔድ ስታርክ አንገቱ ይቀላል። መጽሐፉ ገና ሳያልቅ ማለት ነው።

አተራረኩም የራሱ መልክ አለው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ይነገራል፤ ምዕራፉ የሚጠራውም በዚያ ሰው ስም ነው። ስለዚህ አንባቢው ገጹን ሲገልጥ የሚያየው የሚወደውን ሰው ስም ነው። ያ ስም ሲጠፋ ይታወቀዋል።

የሠርጉ ምሽት

ትልቁ የአንባቢ ድንጋጤ የመጣው በ2000ው ሦስተኛ መጽሐፍ ነው። “ቀዩ ሠርግ” ይባላል። ትንሽ ልቆይበት፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው ያለው።

ወጣቱ ንጉሥ ሮብ ስታርክ ፍሬይ ከሚባል የባላባት ቤት ልጅ ሊያገባ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉን አጠፈና ሌላ አገባ። ነገሩን ለማብረድ አጎቱ በእሱ ፈንታ ከፍሬይ ቤት ሊያገባ ተስማማ። ሁሉም ወደ ሠርጉ ሄዱ። እናቱ ካትሊን መንገድ ላይ ልጇን አጥብቃ መከረችው። እንደደረስክ የሚቀመስ ነገር ጠይቅ፣ የቤታቸውን ዳቦና ጨው ከቀመስክ በጣራቸው ሥር ማንም አይነካህም አለችው። ደረሱ፤ ቀመሱ።

ሠርጉ ላይ ሙዚቀኞቹ አይችሉበትም። ጩኸት ብቻ ነው። አመሻሹ ላይ ዜማው ይቀየራል፤ የጠላት ቤት የድል ዜማ ይሆናል። ከፍሬይ ቤት ወንዶች አንዱ ተነስቶ ሊወጣ ሲል ካትሊን ክንዱን ትይዘዋለች። ከሐር እጅጌው ሥር ጣቷ ብረት ይነካል። ሰውየው ሠርግ ቤት ጥሩር ለብሶ ነው የመጣው። ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ይገባታል፤ አንባቢውም ከእሷ ጋር ክው ይላል። ከዚያ ከላይ ሰገነቱ ላይ ያሉት ሙዚቀኞች ቀስት መልቀቅ ይጀምራሉ። ሮብም እናቱም ከሠርጉ በሕይወት አልወጡም።

አንባቢውን ያንገበገበው የሞቱት ሰዎች ብዛት ብቻ አይመስለኝም። በእህል ውሃ የተደረገ ክህደት ነው። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አብሮህ ማዕድ የቆረሰን ሰው በዚያው ገበታ ላይ መግደል ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቃል። ደራሲው መነሻውን ከስኮትላንድ ታሪክ እንደወሰደ ተናግሯል። በ1440 ገና ልጅ የሆነ የዳግላስ መስፍን ከወንድሙ ጋር ኤድንብራ ግንብ ለግብዣ ተጠርቶ ተገደለ። በ1692 ደግሞ ግሌንኮ ውስጥ በእንግድነት ያረፉ ወታደሮች አስተናጋጆቻቸውን ፈጁ። ተረት የሚመስለው ክፋት የተቀዳው ከእውነት ነው።

ደራሲው ራሱ ይህን ምዕራፍ መጻፍ አቅቶት ዘሎት ነበር። ሌላውን መጽሐፍ በሙሉ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ነው የጻፈው።

አንባቢዎች ምን አሉ?

ደብዳቤ ጎረፈ። “ከእንግዲህ አንድ ቃልህን አላነብም” ያሉት ብዙ ነበሩ። መጽሐፉን እሳት ውስጥ እንደጣሉት የጻፉለትም እንደነበሩ ደራሲው ተናግሯል። ከእነሱ መሃል ሳምንት ሳይቆዩ ሄደው ሌላ ቅጂ የገዙ አሉ። ይህን ሳነብ በጣም ነው የገባኝ። ያዘነ ሰው ለቅሶ ቤቱን ጥሎ አይሄድም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ምስጢሩን መጠበቃቸው ነው። ተከታታዩ በቴሌቪዥን የጀመረው ሚያዝያ 2011 ነው። የሠርጉ ክፍል የታየው ሰኔ 2 ቀን 2013። መጽሐፉን ያነበቡት 13 ዓመት ሙሉ የሚመጣውን ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ ለጓደኞቻቸው ትንፍሽ አላሉም። ይልቅ በዚያ ምሽት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ፊታቸውን በስልክ ቀረጹ። አንዱ አፉን በእጁ ይዞ ይቀራል፣ አንዷ ትጮኻለች፣ አንዱ ተነስቶ ከክፍሉ ይወጣል። ያነበበው ሰው ያኔ ብቻውን ያለፈበትን ሐዘን ከሰው ጋር እንደገና ሊያዝነው የጠበቀ ይመስላል።

እንግዲህ የወዳጆቼ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው። ገደለባቸው፤ አልሸሹም።

ችግሩ የጀመረበት

ደራሲው ከሦስተኛው መጽሐፍ በኋላ ታሪኩን 5 ዓመት ሊያዘልለው አስቦ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከባለታሪኮቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ ዘንዶዎቹም ጫጩት ናቸው። ማደግ ነበረባቸው። በዚህ ሐሳብ ከዓመት በላይ ጻፈ። ለልጆቹ ሠራ። ለትልልቆቹ ግን እምቢ አለ። አዲስ ሥልጣን የያዘ ሰው 5 ዓመት ምንም ሳይገጥመው እንዴት ይኖራል? ገጠመው ከተባለ ደግሞ ያን ሁሉ በትዝታ መተረክ ሊኖር ነው። በመጨረሻ ዝላዩን ትቶ ከዚያው ካቆመበት ቀጠለ።

ሊዘለል የነበረው 5 ዓመት በታሪክ ሲሞላ መጽሐፉ አበጠ። በአንድ ጥራዝ የማይታሰር ሆነ። ያ የሁለት ዓመት ልማድ ደግሞ ቀድሞ ፈርሷል። አንባቢው 3 ዓመት፣ 4 ዓመት ጠበቀ። የመጀመሪያው ማጉረምረም የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

በ2005 ደራሲው ያበጠውን ሥራ ለሁለት ከፈለው። መክፈሉን ብዙ ሰው ያደርገዋል። የተለየው አከፋፈሉ ነው። ታሪኩን መሃል ላይ በጊዜ አልቆረጠውም። በሰዎቹ ከፈለው። ግማሾቹን ባለታሪኮች ከነሙሉ ታሪካቸው በአራተኛው መጽሐፍ አስገባ፤ ሌሎቹን ለአምስተኛው አቆየ። የሁሉንም ግማሽ ታሪክ ከምሰጣችሁ የግማሹን ሙሉ ታሪክ ልስጣችሁ ነው ያለው። ሐሳቡን ያቀረበለት የሙያ ጓደኛው ነበር።

አራተኛው መጽሐፍ በ2005 መገባደጃ ወጣ። አንባቢው ከፈተው። ጆን ስኖው ከአንድ ሰው ምዕራፍ ላይ ብቅ ከማለቱ በቀር የለም። ዴነሪስ የለችም። ቲሪየን የለም። ሦስቱም በጣም የሚወደዱ ናቸው። በእነሱ ፈንታ የሰርሴ፣ የብሪየንና ጨርሶ የማያውቃቸው አዳዲስ ሰዎች ምዕራፎች ጠበቁት። ስም የጠፋበት ያውቀዋል ያልኩት ይህንን ነው።

ደራሲው ይህ እንደሚመጣ ገምቶ ከመጽሐፉ መጨረሻ ማስታወሻ አኖረ። ሌሎቹ ሰዎች የት እንደሄዱ አስረዳ። ቀጣዩ መጽሐፍ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚወጣ ከልብ ተስፋ እንደሚያደርግም ጨመረ።

የሚቀጥለው ዓመት አለፈ። የወጣው ከ6 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2011 ነው።

በመሃሉ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ደራሲው ብዙ ሰዎችን ከተለያየ አቅጣጫ ወደ አንዲት ከተማ፣ ወደ ሜሪን ማድረስ ነበረበት። ማን ማንን ይቀድማል? ማን ማንን ሲያይ ምን ይከተላል? አንዱን ሲነካ ሌላው ይፈርሳል። ራሱ “ቋጠሮ” ብሎ ይጠራው ነበር። ከፈቱለት ነገሮች አንዱ እስከዚያ ድረስ የራሱ ምዕራፍ ላልነበረው ለአንድ ሽማግሌ ባላባት ዓይን መስጠቱ ነው። በእሱ በኩል ታሪኩ ተነገረና ሄደ።

አንባቢው ግን ቋጠሮውን አያየውም። የሚያየው ባዶ መደርደሪያ ነው። ቁጣው ወደ ሰውየው ዞረ። ለምን ኳስ ያያል? ለምን ይጓዛል? ለምን ሌላ ሥራ ይሠራል? ሳይጨርስ ቢሞትስ? በ2007 ሌላ የታወቀ ፋንታሲ ደራሲ ሥራውን ሳይጨርስ አርፎ ስለነበር ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አልነበረም። ቢሆንም የሰውን ዕድሜ እየቆጠሩ ደብዳቤ መጻፍ ያሳፍራል። በ2009 ደራሲው በግልጽ መለሰ። ኳስ ማየቴንም መጓዜንም አልተውም፣ መጽሐፉ ሲያልቅ ያልቃል አለ። በዚያው ዓመት አንድ ሌላ ስመ ጥር ደራሲ፣ መጽሐፍ መግዛት ደራሲውን በውል ማሰር አይደለም ብሎ ደገፈው።

ምኑ ሠራ?

በሰው መክፈሉ፣ እኔ እንደማየው፣ ትክክል ነበር። የአራተኛው መጽሐፍ ሐሳብ ከጦርነት በኋላ ያለ አገር ነው። የተቃጠለ መንደር፣ የተራበ ሰው፣ መንገድ ላይ የሚንከራተት የተሸነፈ ወታደር። ያ ሐሳብ ከዘንዶዎቹ ጋር ቢቀላቀል ይዋጥ ነበር። መጀመሪያ ሲወጣ ቀዝቃዛ ነው ያሉት ብዙዎች ከዓመታት በኋላ ደግመው አንብበው ወደዱት።

አንባቢዎች ራሳቸውም የሠሩት መፍትሔ አለ። የሁለቱን መጽሐፎች ምዕራፎች በጊዜ ቅደም ተከተላቸው አደባልቀው አንድ የንባብ ዝርዝር አዘጋጁ። ከአራተኛው ሁለት ምዕራፍ አንብብ፣ ወደ አምስተኛው ሂድ፣ አንድ አንብብ፣ ተመለስ። የሚያስቸግር ይመስላል። ሁለቱን ከፊት አስቀምጦ ለሚያነብ ግን ይጥማል። ቅሬታቸውን ወደ ሥራ የለወጡ አንባቢዎች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ።

ጥበቃውም ጥልቅ አንባቢ አፍርቷል። ስለ ጆን ስኖው ትክክለኛ ወላጆች ገና በመጀመሪያዎቹ መጽሐፎች ዘመን ፍንጭ ለቃቅመው የገመቱ ነበሩ። በ2016 ቴሌቪዥኑ ግምታቸውን አረጋገጠ። ደራሲው በዚህ ላይ የያዘው አቋም ደስ ይለኛል። አንባቢ ስለደረሰበት ብቻ ታሪኩን አልቀይርም፤ የዘራሁትን ፍንጭ ውሸት ላደርግ አልችልም ብሏል።

ምኑ አልሠራም?

ያቺ የመጨረሻ ገጽ ማስታወሻ። በሙሉ ቅንነት የተጻፈች ናት። “ተስፋ አደርጋለሁ” ነው የምትለው። አንባቢ ግን ተስፋን አያነብም፤ ቀኑን ነው የሚያነበው። “በሚቀጥለው ዓመት” የሚለውን ይዞ ሄደ። ሲያልፍ ቃለ አባይ አለው።

የሚያሳዝነው ነገሩ ተደገመ። ስድስተኛው መጽሐፍ በ2015 ጥቅምት መጨረሻ ሊያልቅ ቀጠሮ ነበረው። አለፈ። ወደ ዓመቱ መጨረሻ ተዛወረ። እሱም አለፈ። ጥር 2 ቀን 2016 ደራሲው ወጥቶ አልደረስኩም አለ። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። ሰበብ አልደረደረም። በቀኑ መጨነቁ ራሱ ብዕሩን እንዳሰረው ይናገራል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ መጽሐፉን ቀድሞት ሄደ፤ በግንቦት 2019ም አለቀ። የቴሌቪዥኑ ማብቂያ ያናደዳቸው ሰዎች የመጨረሻው ሲዝን በሙሉ እንደገና ይሠራልን ብለው ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ስድስተኛው መጽሐፍ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልወጣም።

በመሃሉ ሌሎች መጽሐፎች ወጥተዋል። ለምሳሌ በ2018 የዘንዶዎቹን ቤት ታሪክ የሚተርክ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳትሟል። ለእሱ ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ለሚጠብቀው አንባቢ ግን ያልታዘዘ ምግብ ነው፤ ጥሩ ቢሆንም።

ለጸሐፊ ወዳጆቼ ያወጣሁት

መግደሉን አትፍሩት። ግን እንደ ሠርጉ ምሽት አዘጋጁት። ጥሩሩ እጅጌው ሥር ካለ፣ ዜማው ከተቀየረ፣ እናትየው ስለ ዳቦና ጨው አስቀድማ ከተናገረች አንባቢ ተመልሶ ሲያይ “ነግሮኝ ነበር እኮ” ይላል። ያኔ ቁጣው ወደ ፍሬይ ቤት ይሄዳል። ፍንጭ ካልነበረ ወደ ደራሲው ይመጣል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቀኑ ላይ ግን ጠንቃቃ ሁኑ። የጨረሳችሁትን ብቻ አስታውቁ። ይህ ደራሲ አምስተኛውን መጽሐፍ በመጋቢት 2011 ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቀኑን ቆርጦ ተናገረ፤ በ4 ወር ውስጥ በዚያው ቀን መደብር ደረሰ። ያኔ የተቆጣ ሰው አላየሁም፤ የተሰለፈ ነው ያየሁት። እናንተ ግን ከእሱም በላይ ተጠንቅቃችሁ፣ “ልጨርስ ነው” ከምትሉ “ጨርሻለሁ፣ በዚህ ቀን ይወጣል” በሉ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል የምታወጡ ደግሞ ቢያንስ አምስት ስድስት ክፍል ጽፋችሁ ሳታስቀምጡ አትጀምሩ። ሰው ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል፣ ታሪኩም ራሱ ይቋጠራል።

የሚወደዱ ሰዎችን ከአንድ ክፍል የምታስቀሩ ከሆነ መጀመሪያ ገጽ ላይ ንገሩ። የአራተኛው መጽሐፍ ማብራሪያ መጨረሻ ላይ ነበር የተቀመጠው። አንባቢው መቶ መቶ ገጽ እየገለጠ “አሁን ይመጣል” እያለ ጠብቆ፣ ደክሞት ነው ያገኛት። ያቺው ማስታወሻ መግቢያው ላይ ብትሆን ግማሹ ብስጭት ባልተነሳ ነበር።

ለአንባቢም የምለው አለኝ። መጽሐፉ የእኛ ነው፤ ሰውየው የእኛ አይደለም። “ሳይጨርስ ቢሞትስ” ብሎ ለሰውየው መጻፍ ከፍቅር የመጣ ቢሆን እንኳ ልብ ይሰብራል።

የመጨረሻው ስልክ

ሦስቱን መጽሐፎች ለአክስቴ ልጅ አውሼ ነበር። ባለፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ተቆራርጧል። “ወንድም ጋሼ፣ ሠርጉን አነበብኩት” አለች። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም አልኩ። ለረጅም ጊዜ መስመር ላይ ቆየን።

በማግስቱ እንደገና ደወለችና ስድስተኛው መቼ እንደሚወጣ ጠየቀችኝ። ቀን እንደሌለው ነገርኳት። ጆንና ዴነሪስ ከአራተኛው ውስጥ እንደማታገኛቸውም አስቀድሜ ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። “እንግዲያው ሁለቱንም አንድ ላይ አምጣልኝ” አለች። አራተኛውንና አምስተኛውን ከነንባብ ዝርዝሩ ቅዳሜ ወሰድኩላት።